የፒካፑ ጉልበትና የባትሪው ስንቅ፦ ጭነት ሲጎተት ሒሳቡ እንዴት ይለወጣል?

የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ኤፍ-150 ላይትኒንግ የተባለውን ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፒካፕ ማምረት ማቆሙን አስታውቋል። ኩባንያው በኤሌክትሪክ መኪና ዕቅዱ ላይ ባደረገው ጠቅላላ ለውጥ ምክንያት 19.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል በወጪ እንደሚመዘግብም በዚያው ጊዜ ገልጿል። ይኸው ፒካፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ለሕዝብ ሲተዋወቅ የመነሻ ዋጋው 39,974 ዶላር ነበር። ለመግዛት ስማቸውን ያስመዘገቡት ሰዎችም ወደ 200,000 ተጠግተው እንደነበር ይታወሳል።

በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ነገሩ እንዲህ የተገለባበጠው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። የዋጋ መናር አለ፣ መንግሥት ለገዢዎች ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ማብቃቱ አለ፣ የፖለቲካው ነፋስ መዞርም አለ። ይሁን እንጂ መኪናን ለሥራ ለሚገዛ ሰው ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው ሌላው ምክንያት ነው። ይኸውም ፒካፑ ጭነት ሲጎትት በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀትና ለኤሌክትሪክ የሚወጣው ገንዘብ ገዢው ከጠበቀው ጋር አለመገጣጠሙ ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካኖች ብቻ ሆኖ አይቀርም። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ የሥራ መኪና ለመግዛት ያሰበ ነጋዴም ሆነ ሻጭና ገዢን የሚያገናኝ ደላላ የሊትርን ሒሳብ ብቻ ይዞ መቀጠል አይችልም። አሜሪካኖቹ በገንዘባቸው የተማሩትን እዚህ በወረቀትና በእርሳስ መማር ይቻላል።

ሁለቱ ቁጥሮች

የኤሌክትሪክ ፒካፕ ሻጭ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንደኛው መኪናው የመጎተት አቅሙ ስንት ቶን እንደሆነ የሚገልጸው ነው። ሁለተኛው በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ነው። ላይትኒንግ ትልቁን ባትሪና አስፈላጊውን የመጎተቻ ዕቃ ይዞ ሲገዛ 10,000 ፓውንድ ወይም 4.5 ቶን ያህል መጎተት ይችላል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ ደግሞ ከ300 እስከ 320 ማይል፣ ማለትም ከ480 እስከ 515 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው እውነት ናቸው። ስህተቱ ያለው ገዢው ሁለቱን አጣምሮ "4.5 ቶን ጎትቶ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ብሎ ሲያነባቸው ነው።

ሞተር ትሬንድ የተባለው የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ፈትኖታል። 300 ማይል ይሄዳል የተባለለት ላይትኒንግ 1.4 ቶን የምትመዝን ተጎታች ቤት ሲጎትት የሚሄደው 115 ማይል፣ ማለትም 185 ኪሎ ሜትር ሆነ። ተጎታቹ 2.4 ቶን ሲሆን ርቀቱ 160 ኪሎ ሜትር፣ 3.3 ቶን ሲሆን ደግሞ 145 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው ሌላው መጽሔት በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር እየነዳ 2.8 ቶን ያህል የሚመዝን ተጎታች ቤት ባስጎተተ ጊዜም ውጤቱ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ላይትኒንግ 160 ኪሎ ሜትር፣ ሪቪያን አር-1-ቲ የተባለው 177 ኪሎ ሜትር፣ ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ የተሸከመው ጂ.ኤም.ሲ. ሃመር ደግሞ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደዋል።

ጉልበት አልጎደላቸውም። እንዲያውም የኤሌክትሪክ ሞተር ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ የመጎተት ኃይሉን ስለሚሰጥ፣ ከቆመበት ተነሥቶ ዳገት በመውጣት ረገድ ብዙውን የነዳጅ መኪና ያስንቃል። በቅሎዋ ጠንካራ ናት፤ የያዘችው ስንቅ ግን ትንሽ ነው።

ስንቁ ለምን አነሰ?

የላይትኒንግ ትልቁ ባትሪ ለአገልግሎት የሚውል 131 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው ትልቅ፣ ከባድና ውድ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጋሎን ቤንዚን 33.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ስላለው፣ ባትሪው የያዘው ጠቅላላ ኃይል ወደ ቤንዚን ሲመነዘር አራት ጋሎን እንኳ አይሞላም። በሌላ አነጋገር 15 ሊትር ያህል ነው። በነዳጅ የሚሠራው ኤፍ-150 እንደየዓይነቱ ከ23 እስከ 36 ጋሎን የሚይዝ ሳልባትዮ ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው።

የኤሌክትሪኩ ፒካፕ በ15 ሊትር ስንቅ 480 ኪሎ ሜትር መሄድ የሚችለው ቆጣቢ በመሆኑ ነው። የነዳጅ ሞተር ካቃጠለው ውስጥ ጎማ ላይ የሚያደርሰው አንድ አራተኛ ገደማ ሲሆን ቀሪው በሙቀት መልክ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከአሥሩ እጅ ስምንቱን፣ አልፎም ዘጠኙን ሥራ ላይ ያውላል። ባዶውን ሲነዳ ይህ ቁጠባ የባትሪውን ትንሽነት ይሸፍናል። ከኋላው ትልቅ ሣጥን ሲቀጠልለት ግን የሚሸፍነው አይኖርም፤ የሚባክን ነገር ስላልነበረው ከብክነት የሚቀንሰውም የለውም።

የነዳጅ ሞተር በአንጻሩ ሥራ ሲበዛበት አሠራሩ በመጠኑ ይሻሻላል። ባዶውን ሲሄድ ያባክነው ከነበረው ጥቂቱን ወደ ሥራ ይለውጠዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ተጎታች ሁለቱን መኪኖች እኩል አይጎዳቸውም። የነዳጁ ፒካፕ ፍጆታ ወደ እጥፍ ሲጠጋ የኤሌክትሪኩ ፍጆታ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይህ ነጥብ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ምን እንደሚያመጣ ወደ ኋላ ይታያል።

ከሞተር ትሬንድ ሙከራ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። የተጎታቹ ክብደት ከ1.4 ቶን ወደ 3.3 ቶን ሲያድግ ጭማሪው ከእጥፍ በላይ ነው። ርቀቱ የቀነሰው ግን ከ185 ወደ 145 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በመቶ 22 ያህል ብቻ ነው። ትልቁ ቅናሽ የመጣው ትንሿ ተጎታች እንደተቀጠለች ነበር፤ ከ480 ወደ 185 ወረደ። ይህም በሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳ ዋናው ጠላት ክብደት ሳይሆን ነፋስ መሆኑን ያሳያል። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊና ቀጥ ያለ ግንባር ያለው ተጎታች ቤት ባዶም ቢሆን የአየር ግድግዳ እየገፋ ይሄዳል። ዝቅ ባለ ተጎታች ላይ የተጫነ ብረት ግን በሚዛን ቢበልጥም ለነፋስ የሚሰጠው ፊት አነስተኛ ነው።

ለዚህ ማመሳከሪያ የሚሆነው ትሪፕል ኤ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የአሜሪካ የመኪና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ውጤት ነው። ማኅበሩ ምንም ተጎታች ሳይቀጥል በላይትኒንግ የጭነት ሣጥን ውስጥ 1,400 ፓውንድ፣ ማለትም 635 ኪሎ ግራም አሸዋ ጭኖ ነዳው። ርቀቱ ከ278 ወደ 210 ማይል ወረደ፤ ቅናሹ በመቶ 24.5 መሆኑ ነው። ሣጥን ውስጥ የተጫነ ክብደት ርቀቱን ሩብ ሲቀንስ፣ ከኋላ የተቀጠለ ሰፊ ሣጥን ግን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሒሳቡ በዶላር

እስቲ ሁሉም በ100 ኪሎ ሜትር ይሰላ። ላይትኒንግ ያለ ተጎታች 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ከባትሪው ይፈጃል። ቻርጅ ሲደረግ መንገድ ላይ የሚጠፋው ሲታከልበት ከቆጣሪ የሚቆጠረው 30 ይሆናል። 2.5 ቶን ገደማ ተጎታች ቤት ሲቀጠልለት ፍጆታው 81፣ በቆጣሪ ደግሞ 90 ያህል ነው። በነዳጅ የሚሠራው አቻ ፒካፕ ያለ ተጎታች 12 ሊትር፣ ከተጎታች ጋር 24 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል ብሎ መነሣት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ አማካይ ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 16.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። የቤንዚን አማካይ ዋጋ በጋሎን 3 ዶላር ከ30፣ ይኸውም በሊትር 87 ሳንቲም ያህል ነበር። በአውራ ጎዳና ዳር ባሉት ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎች የሚከፈለው እንደየቦታው ይለያያል፤ ለዚህ ስሌት 50 ሳንቲም ይያዝ።

በእነዚህ ዋጋዎች ያለ ተጎታች 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በቤት ኤሌክትሪክ 5 ዶላር፣ በቤንዚን 10 ዶላር ከ40፣ በፈጣን ጣቢያ ኤሌክትሪክ ደግሞ 15 ዶላር ይወጣል። ከተጎታች ጋር ሲሆን በቤት ኤሌክትሪክ 15 ዶላር፣ በቤንዚን 21 ዶላር፣ በፈጣን ጣቢያ 45 ዶላር ይሆናል። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ያው መንገድ ነው፤ የኤሌክትሪኩ መግዣ ቦታ ብቻ ሲለወጥ ወጪው ሦስት እጥፍ ይሆናል። በቤንዚን እንዲህ ዓይነት ልዩነት አይታወቅም። ከአንዱ ማደያ ወደ ሌላው ሲኬድ የሚገኘው ልዩነት ጥቂት ሳንቲም ነው።

ነጋዴው መያዝ ያለበት እኩያውን ዋጋ ነው። እኩያ ዋጋ ማለት በኤሌክትሪክም ሆነ በቤንዚን ቢነዳ ወጪው አንድ ዓይነት የሚሆንበት የኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ነው። አወጣጡ ቀላል ነው፤ ለ100 ኪሎ ሜትር የሚወጣው የቤንዚን ገንዘብ ለ100 ኪሎ ሜትር በሚፈጀው ኪሎ ዋት ሰዓት ይካፈላል። ያለ ተጎታች 10 ዶላር ከ40 ለ30 ሲካፈል 35 ሳንቲም ያህል ይመጣል። ከተጎታች ጋር 21 ዶላር ለ90 ሲካፈል 23 ሳንቲም ይሆናል። እኩያው ዋጋ ከ35 ወደ 23 የወረደው ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት ነው፤ ተጎታች የነዳጁን ፍጆታ በእጥፍ፣ የኤሌክትሪኩን ግን በሦስት እጥፍ ያሳድጋልና። በሌላ አነጋገር ጭነት የሚጎትት ሰው ከማይጎትተው ይልቅ ርካሽ ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። ብዙ ገዢ የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ "ብዙ ነዳጅ የምፈጀው እኔ ስለሆንኩ ይበልጥ የምቆጥበውም እኔ ነኝ" ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ ከጠቅላላው ኤሌክትሪክ ስንት እጁ ከራስ ግቢ መምጣት እንዳለበት ማስላት ይቻላል። በ16.5 ሳንቲምና በ50 ሳንቲም የተገዛው ተደባልቆ አማካዩ 23 ሳንቲም እንዲሆን ከተፈለገ፣ በመቶ 80 ያህሉ ከራስ ቆጣሪ መቀዳት አለበት። ተጎታች የሌለው ሰው ግን ግማሹን እንኳ ከግቢው ካገኘ ከቤንዚን ጋር እኩል ይወጣል።

አንድ ረጅም ጉዞ፣ አንድ አጭር ጉዞ

ረጅሙ 480 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሾፌሩ ማታ ባትሪውን ሞልቶ ያድራል። ጣቢያ ላይ ሲደርስ በመቶ 15 እንዲቀረው ቢጠነቀቅ መጀመሪያ 137 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በየጣቢያው የሚሞላው እስከ በመቶ 80 ብቻ ነው። ባትሪ እየሞላ በሄደ ቁጥር የሚቀበለው ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻዋን ሩብ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ፎርድ ለትልቁ ባትሪ በፈጣን ጣቢያ ከ15 እስከ 80 ለመሙላት 41 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ገልጿል። ይህ ሙሌት ከተጎታች ጋር የሚያስኬደው 105 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ሦስት ሙሉ ዕረፍትና አንድ አጭር ዕረፍት ያስፈልጋል፤ ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ ቆሞ መጠበቅ ማለት ነው። መንገዱ በራሱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

በገንዘብም ሲታይ ከግቢ ተሞልቶ የወጣው ኤሌክትሪክ ከጠቅላላው በመቶ 30 እንኳ አይሞላም። እኩያው ግን 80 ነበር። የኤሌክትሪኩ ወጪ 170 ዶላር ሲያልፍ የቤንዚኑ 100 ዶላር ያህል ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የአሜሪካ ቻርጅ ጣቢያዎች እንደ መኪና ማቆሚያ የተሠሩ እንጂ እንደ ማደያ ገብተው የሚወጡባቸው ስላልሆኑ፣ ሾፌሩ ተጎታቹን ፈትቶ ዳር አቁሞ መሙላትና እንደገና መቀጠል ይኖርበታል። ይህ የመፍታትና የመቀጠል ሥራ በማስታወቂያው ላይ የለም።

አጭሩ ጉዞ በቀን 120 ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ይሁን፤ የሣር ማጨጃ መሣሪያ ይዞ ከደንበኛ ደንበኛ የሚዞር ድርጅት፣ ወይም ከመጋዘን ወደ ግንባታ ቦታ ዕቃ የሚያመላልስ ተቋራጭ ሊሆን ይችላል። የተጎታቹ ዓይነት ያው ቢሆን እንኳ ሁሉም ኃይል ከግቢ ስለሚቀዳ የቀኑ ወጪ 18 ዶላር ነው፤ በቤንዚን 25 ይሆን ነበር። በቀን 7 ዶላር በዓመት በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ 2,100 ዶላር ይሆናል። የኤሌክትሪኩ ፒካፕ ከነዳጁ በ10,000 ዶላር ይወደዳል ቢባል ልዩነቱን ለመመለስ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህ የጥገና ቁጠባ ሳይታሰብ ነው። አጓጊ ነው ባይባልም ኪሳራ አይደለም። ላይትኒንግ ለሥራ መሣሪያ እስከ 9.6 ኪሎ ዋት ኃይል ከራሱ ባትሪ መስጠት መቻሉ ደግሞ ጄኔሬተር ይከራይ ለነበረ ተቋራጭ ለብቻው የሚቆጠር ጥቅም ነው።

የራስ ግቢ ቻርጀርም ቢሆን የተደበቀ ሒሳብ አለው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የንግድ ደንበኛ የሚከፍለው ለፈጀው ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ለወሰደው ከፍተኛ ኃይልም በኪሎ ዋት ይከፍላል። በኪሎ ዋት 15 ዶላር ነው እንበል። ባለ 150 ኪሎ ዋት ፈጣን ቻርጀር ያስተከለ ድርጅት በወር አንድ ቀን ብቻ ቢጠቀምበት እንኳ 2,250 ዶላር ይጠየቃል። አምስት ፒካፖቹን ሌሊት በባለ 11 ኪሎ ዋት ቻርጀር በዝግታ የሚሞላው ግን ከፍተኛው 55 ኪሎ ዋት ስለሆነ ክፍያው 825 ዶላር ይሆናል። ለባለ ድርጅት ፍጥነት ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

ገበያው የሰጠው መልስ

ላይትኒንግ እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ 33,510 ተሸጧል። በዚያው ዓመት የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ፒካፖች በጠቅላላው ከ700,000 በላይ ተሸጠው ነበር። ዋጋውም አልረጋም። 40,000 ዶላር ሊባል ጥቂት የቀረው የመነሻ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ወደ 60,000 ተጠግቶ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ወር በአንድ ጊዜ ወደ 50,000 ገደማ ወረደ። በዚህ መካከል በውድ የገዛው ሰው መኪናው ከግቢው ሳይወጣ 10,000 ዶላር አጣ ማለት ይቻላል።

የክራይስለር ወራሽ የሆነው ስቴላንቲስም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ራም የተባለውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ፒካፕ ዕቅዱን ሰርዟል። ሁለቱም ኩባንያዎች የዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሆኖ፣ ባትሪው ሲያልቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጄኔሬተር በመኪናው ውስጥ እንዲኖር ማድረግ። የራም ዕቅድ 92 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪና በቤንዚን ሞተር የሚዞር 130 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር የያዘ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ሲተረጎም በአጭር ጉዞ ርካሹን የግቢ ኤሌክትሪክ መጠቀም፣ በረጅም ጉዞ ደግሞ ከ50 ሳንቲሙ ጣቢያ መሸሽ ነው።

ወደዚህ አገር ሲመጣ

የአዲስ አበባ ነጋዴ ተጎታች ቤት አይጎትትም። ደብል ጋቢና ፒካፑን የሚገዛው ሣጥኑ ላይ ሊጭንበት ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚቀርበው የመጽሔቶቹ ሙከራ ሳይሆን የትሪፕል ኤ የሩብ ቅናሽ ነው። ሆኖም ጭነቱ ከጋቢናው በላይ ተቆልሎ ሸራ ከለበሰ ነፋስ የሚቀበል ግድግዳ ሆኗልና ቅናሹ ከሩብ ያልፋል። በሌላ በኩል እዚህ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር እየነዳ የሚውል ጭነት ያለው ፒካፕ ብዙ የለም። በሰዓት 70 የሚሄድ መኪና የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሆንም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩም ከባሕር ጠለል ይልቅ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር የሳሳበት ቦታ የነዳጅ ሞተርን ጉልበት ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተርን ግን አይነካውም።

እዚህ የነፋስን ቦታ የሚወስደው ዳገት ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 6 ቶን የሆነ መኪናና ጭነት 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። በሞተሩ የሚባክነው ሲታከል ወደ 19 ይጠጋል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ነገር ግን የሚመለሰው ከወጣው ያንሳል። ባትሪው ሞልቶ ጎሐ ጽዮን ላይ የደረሰ መኪና ደግሞ የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

እዚህ አገር በሚታወቁት ስሞች ሲታይ፣ ኢሱዙ ዲ-ማክስ በኤሌክትሪክ ተሠርቶ 66.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ይዟል። በአውሮፓ መለኪያ 263 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የመጎተት አቅሙ ደግሞ 3.5 ቶን ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ሃይሉክስ 59.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀትና 1.6 ቶን የመጎተት አቅም ያለው ነው። ዲ-ማክሱ ከሃይሉክሱ እጥፍ በላይ ይጎትታል፤ ባትሪው ግን የሚበልጠው በመቶ 13 ብቻ ነው። ቶኑን አይቶ ርቀቱን መገመት እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

አዲስ አበባና አዳማን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። ጠቅላላ ክብደቱ 5 ቶን የሆነ ዲ-ማክስ ወደ አዳማ ሲወርድ ቀለል ይለዋል። ሲመለስ ግን ከተለመደው ፍጆታ በላይ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ለዳገቱ ብቻ ይከፍላል፤ ይህ የባትሪው በመቶ 15 ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ነው ወይስ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚለው ጥያቄ በነዳጅ መኪና ጊዜ ብዙም የማያሳስብ የነበረ ቢሆንም፣ በባትሪ ግን ደርሶ መልሱ በአንድ ሙሌት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ሊወስን ይችላል።

ከዚያ የሚቀረው ግቢው ነው። ተራ ባለ 220 ቮልት ሶኬት 10 አምፔር ሲወሰድበት 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ በአሥር ሰዓት ሌሊት 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ይህ የዲ-ማክሱን ባትሪ አንድ ሦስተኛ ይሞላል። ስሪ ፌዝ መስመር ያለው ግቢ በባለ 16 አምፔር ቻርጀር 11 ኪሎ ዋት ስለሚያገኝ ባዶውን ባትሪ በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላዋል። በመሆኑም የሥራ ፒካፕ የሚገዛ ሰው የመኪናውን ዋጋ ሲጠይቅ የቆጣሪ ማሳደጊያውንና የቻርጀሩን ተከላ ዋጋ አብሮ መደመር ይኖርበታል። እንደ አሜሪካው ሁሉ እዚህም እኩያው ዋጋ የሚወጣው በዚያው ማካፈል ነው፤ በዶላሩ ቦታ የዕለቱን የነዳጅ ዋጋና በራሱ የመብራት ሒሳብ ላይ የተጻፈውን ታሪፍ ማስገባት ብቻ ነው።

ያገለገለ መኪና ለሚያሻሽጡ ደላሎች የቀረው ነጥብ የባትሪው ዕድሜ ነው። ፎርድ ለላይትኒንግ ባትሪ የሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ሆኖም ጭነት የሚጎትት መኪና ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት እጥፍ ኃይል ስለሚፈጅ ባትሪው የሚሞላውና የሚራገፈውም ሦስት እጥፍ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 50,000 የሚል ሁለት ፒካፕ፣ አንዱ የቤተሰብ ሌላው የጭነት ከሆነ፣ ባትሪያቸው የሠራው ሥራ እኩል አይደለም። ሻጩ ሊብሬውን ሲያሳይ ገዢው የባትሪው ቀሪ አቅም ስንት በመቶ እንደሆነ በመመርመሪያ መሣሪያ ተነቦ እንዲታተምለት መጠየቅ ይችላል፤ በዋጋ ክርክሩ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ያ ቁጥር ይመዝናል።